ሸህ ብዬ በመጻፌ

በመንግሥት ሥራ ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ያላነበብሁትን ወረቀት ፈርሜ፣ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ጽፌ አላውቅም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ በሕይወቴ እጅግ የተመኘሁትን ነገር ያጣሁት በዚሁ ጠባዬ ስለሆነ ነው። የማውቃቸው ሰዎች «ያለፈ ነገር ነው፣ ተይው» ይሉኛል። አልተውሁትም። ንዴት ከዕድሜ ጋር ይበርዳል የሚሉ ሰዎች የእኔን አልቀመሱትም።

ነገሩ የትምህርት ጉዳይ ነው። በደርግ ዘመን፣ ከድርቁ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ደሴ በሚገኝ አንድ የክፍለ ሀገር መሥሪያ ቤት ውስጥ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን፣ አካል ጉዳተኞችንና ጧሪ የሌላቸውን ሰዎች ጉዳይ የምከታተል ባለሙያ ነበርሁ። የመጀመሪያ ዲግሪ ነበረኝ። አንድ ቀን በአእምሮ ጤናና በማኅበራዊ አገልግሎት ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ አንዲት ሶሻሊስት አገር የሚላክ ሰው እንደሚፈለግ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ለክፍለ ሀገራችን የተሰጠው ቦታ አንድ ብቻ ነበር። የጽሑፍ ፈተና አለ፤ ከፈተናው ጋር የሚቀርብ የጥናት ዕቅድም አለ። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ዕቅዱን ከየትም መፈለግ አላስፈለገኝም፤ ከዓመት በላይ ስሠራው የቆየሁት ጉዳይ ነበር።

ሥራው የተጀመረው በስህተት ነው፤ ስህተቱም የእኔ ነበር። ወላጅ አልባ ሕፃናትን ልመዘግብ ቢስቲማ ሄጄ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ የቤተሰቡን ብዛት ስጠይቅ፣ ከጓዳ የብረት ድምፅ ሰማሁ።

«ምንድን ነው?» አልኋቸው እናትየዋን።

«በሬ ነው» አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

በሬ በጓዳ አይታሰርም። ገብቼ አየሁ። ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጃቸው ቀኝ እግሩ በሰንሰለት ከምሰሶው ጋር ተቆራኝቶ ተቀምጧል። ቁርጭምጭሚቱ ቆስሎ፣ ድኖ፣ መልሶ ቆስሏል። ጎበዝ ገበሬ ነበር አሉ። ከታመመ ጀምሮ ድምፅ ይጠራኛል እያለ ወደ ገደሉ ይሮጣል። ሁለት ጊዜ ከገደሉ አፋፍ መልሰውታል። ሦስተኛው እንዳይደገም አሰሩት፤ ከታሰረ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

በሳምንቱ የመንግሥት ደብዳቤ፣ ሁለት ፖሊሶችና የጤና ጣቢያውን ድሬሰር ይዤ ተመለስሁ። ሰንሰለቱን አስፈታሁ። በድሬሰሩ በኩል ለእናቱ ኪኒን አሰጠሁ፣ አዋዋጡን አስረዳሁ፣ ደሴ ገብቼም የሁለት ገጽ ሪፖርት ጻፍሁ። በሪፖርቱ ኮርቼ ነበር። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ስሄድ ልጁ በቤቱ የለም። ያገኘሁት አጎቱ ቤት፣ ከእህል ጎተራው ኋላ ነው፤ አሁን የታሰሩት ሁለቱም እግሮቹ ናቸው፣ አፉም በጨርቅ ታፍኗል። ጩኸቱ ለመንግሥት ጆሮ እንዳይደርስ ነበር ያፈኑት። ያንን ጨርቅ አፉ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

እናቱ ሲያዩኝ ጮኹብኝ። «እኔ ልጄን ጠልቼ ነው ያሰርኩት? ገደል ገብቶ ቢቀርብኝ ፖሊሶችሽ ይመልሱልኛል? ኪኒንሽንም እንደሆነ እንቢ ብሎ ተፍቶታል።» ትንሽ ቆይተው ግን ድምፃቸው ረገበ። «እስቲ ለሸሁ ንገሪያቸው። እሳቸው ፍቱት ካሉ እፈታዋለሁ።»

ሸሁ በአካባቢው የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። በየሐሙሱ ቤታቸው ወዳጃ ይቀመጣሉ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ጫት ቀርቦ፣ ለታመመው፣ ለተጣላው፣ ዝናብ ለቀረበት ዱአ ይደረጋል፤ ሸሁ ይለምናሉ፣ ቤቱ «አሚን» ይላል። ክርስቲያኖችም ይመጣሉ። በሚቀጥለው ሐሙስ ሄጄ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ሽማግሌው በእጃቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ፖሊስ ይዛ የመጣችው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ማሻአላህ! ለአንድ በሽተኛ ሁለት ፖሊስ። ለጤነኛ ቢሆን ስንት ልታመጪ ኖሯል?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ጆሮዬ ድረስ ነደድሁ። ሳቁ ሲበርድ ሸሁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መድኃኒት አለ ነው የምትይው፣ ልጄ?»

«አለ። ግን በየቀኑ ካልተዋጠ አይሠራም። ሰው ደግሞ ከድሬሰሩ እጅ አይቀበልም።»

«ለምን ይቀበላል? ድሬሰሩ ዛሬ አለ፣ ነገ ይቀየራል። እኔ የት እሄዳለሁ?» አሉና ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሩ። «ከዛሬ ወዲያ በሰንሰለት ታስሮ ወዳጃዬ የሚገባ የለም። በእግሩ ይምጣ። ግራና ቀኝ ዘመዶቹ ይያዙት። ኪኒኑን እኔ እሰጣለሁ።»

«አሚን» አለ ቤቱ።

እንዲህ ተጀመረ። በየሐሙሱ ድሬሰሩ የሳምንቱን ኪኒን ቆጥሮ በወረቀት ይጠቀልላል። ሸሁ ቢስሚላህ ብለው ለእናት ወይም ለሚስት በእጃቸው ይሰጣሉ። ጠዋት ስንት፣ ማታ ስንት እንደሆነ በወዳጃው ፊት ጮክ ተብሎ ይነገራል። የሰማው ሰው ሁሉ ጠያቂ ይሆናል፤ ውኃ የሚቀዱ ሴቶች «ዛሬ ዋጠ?» ይላሉ፣ በሬ የሚነዳው ጎረቤት «ማታ እንዳትረሱ» ብሎ ያልፋል። እኔ በትምህርት ቤት ያልተማርሁት ነገር ነበር። በዓመቱ አሥራ አንድ ሰዎች ከእግር ብረትና ከሰንሰለት ተፈቱ። በአንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን መዝገብ ላይ የእያንዳንዳቸውን ስም፣ መንደርና የተፈቱበትን ቀን በእጄ ጻፍሁ። ሰንሰለቶቹን ሸሁ ተቀብለው ቤታቸው ጥግ ከመሯቸው። ባለቤቶቹ ሲጠይቁ አይሰጡም። «ብረቱ እኔ ጋ ይደር» ይላሉ።

ያ የመጀመሪያው ልጅ በስድስተኛው ወር እርፍ ጨበጠ።

የጥናት ዕቅዴ ይህ ነበር። አሥራ ሁለት ገጽ ሆነ። አለቃዬ ደግ፣ በዕድሜ የገፉና ፈሪ ሰው ነበሩ። ረቂቁን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አራተኛው ገጽ ላይ ‹ሸህ› ያልሽውን አውጪና ‹የማኅበረሰብ ተወካይ› በይው። ‹ወዳጃ› ያልሽውንም ‹ሳምንታዊ ስብሰባ›።»

«እሳቸውን ማንም አልወከላቸውም፣ ጌታዬ። ስብሰባም አይደለም፤ ዱአ ነው።»

«እህቴ፣ ይህን የሚያነበው እግዚአብሔር አይደለም። ካድሬ ነው።»

አልቀየርሁትም። ልክ ያልሆነ ቃል በጽሑፌ ውስጥ እንዲገባ አልፈለግሁም። በዚያ ዘመን ሕዝብ ሁሉ በሁለት ቋንቋ ይኖር ነበር፤ አንዱ የቤት፣ አንዱ የቢሮ። እኔ ብቻ አንድ ቋንቋ ይበቃኛል ብዬ ነበር።

የጽሑፍ ፈተናውን አንደኛ ሆኜ አለፍሁ። ደብዳቤው የደረሰኝ ቀን ደሴ ፒያሳ ወርጄ ወፍራም የሱፍ ካፖርት ገዛሁ። አገሩ በረዶ እንደሚጥል ሰምቼ ነበር። ትምህርቱን የፈለግሁት ለማዕረጉ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ፣ ለማዕረጉ አልነበረም ብልም እዋሻለሁ። ግን ከሁሉ በላይ፣ ለምን እንደሠራ ሳላውቅ የሠራልኝን ነገር ምክንያቱን ማወቅ እፈልግ ነበር። ከአሥራ አንዱ አልፎ ለብዙ ሺህ እንዴት እንደሚደረስ የሚያስተምረኝ ሰው እፈልግ ነበር።

ከመሄዴ በፊት የሚቀረኝ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ነበር። በዘመኑ ለትምህርት የሚላክ ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ፊት ቆሞ ጥፋቱን ይናገራል፤ ሌሎች ይተቹታል፤ ከዚያ ይጸድቅለታል። ለብዙው ሰው የወግ ነገር ነበር። ሰዓት አላከበርሁም፣ በውይይት ክበብ ላይ ቀርቻለሁ ብሎ ይቀመጣል። እኔም ይህንኑ አዘጋጅቼ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ገባሁ። ቀይ ጨርቅ ከለበሰው ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠው ካድሬ በዕድሜ ከእኔ ያንስ ነበር። ከፊቱ የጥናት ዕቅዴ አለ።

«ጓድ፣ የመንግሥት መድኃኒት ቢስቲማ ላይ በማን እጅ ነው የሚታደለው?»

«ድሬሰሩ ይቆጥራል፣ ሸሁ ይሰጣሉ። አራተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል።»

«አንብቤዋለሁ። ራሱን እንዲህ በጥሩ እጅ ጽሕፈት የከሰሰ ሰው አይቼ አላውቅም።» ሰው ሳቀ። «እስቲ ንገሪን፤ እዚያ ስትሄጂ ትጽፊያለሽ ወይስ ትቅሚያለሽ?»

ከኋላ ወንበር አንዱ «ጓድ ሰብሳቢ፣ ታዲያ ለትምህርቱ ሸሁን ለምን አንልካቸውም?» አለ። አዳራሹ እንደገና ሳቀ።

«ቢላኩ ከእኔ የበለጠ ያስተምሯቸው ነበር» አልሁ። ማስተማር ያልሁት እነዚያን የውጭ መምህራን ነው። ማንም አልሳቀም።

ካድሬው ከፋይሉ ውስጥ ግማሽ ገጽ ወረቀት አወጣ። በታይፕ ተጽፎ የተዘጋጀ ነበር። እኔ ኋላ ቀር ልማድን በማስፋፋቴ እንደምጸጸት፣ ሸሁም ሕዝቡን ከዘመናዊ ሕክምና እንደሚያግዱ በዓይኔ ማየቴን ይገልጻል። የጎደለው ፊርማዬ ብቻ ነው። ከፈረምሁ እሄዳለሁ። እስከ ቅዳሜ ጊዜ ተሰጠኝ።

በጉም ውስጥ ወደ ፒያሳ ስንወርድ አለቃዬ አጠገቤ ይራመዱ ነበር። «ፈርመሽ ሂጂ» አሉኝ። «ተምረሽ ስትመለሺ ሺህ ሰው ትፈቺያለሽ። አሥራ አንድ ይበልጣል ወይስ ሺህ?»

«ሸሁስ?»

«ምን ይሆናሉ፤ ቢበዛ አንድ ወር ታስረው ይወጣሉ።»

«አንድ ወር መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ?»

ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ኮታቸውን ቆልፈው ወደ ቤታቸው ዞሩ።

ሦስቱን ቀን አልዋሽም፤ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ከፊቴ ዘርግቼዋለሁ። የአለቃዬ ስሌት ስህተት የለውም ብዬ አስቤያለሁ። ግን ሸሁ ሕዝቡን ከሕክምና ሲያግዱ አላየሁም። ያየሁት ተቃራኒውን ነው። አይቻለሁ ብዬ ልጽፍ የምችለው ያየሁትን ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቆሜ ግለሂሴን አነበብሁ። አጭር ነበር። «ጥፋቴ አንድ ነው። የታመመን ሰው ከሰንሰለት ለመፍታት ፖሊስ ይዤ ሄድሁ። በዚህም ምክንያት ሁለተኛ እግሩ ታሰረ፣ አፉም ታፈነ። ሕዝቡን ቀድሜ ሳልጠይቅ በትእዛዝ በመሥራቴ እጸጸታለሁ።»

ካድሬው ተነሣ። «ይህ ግለሂስ አይደለም። ይህ ትዕቢት ነው!»

«የጠየቃችሁኝ ጥፋቴን ነው። ጥፋቴ ይህ ነው።»

ባልደረቦቼ ጫማቸውን ያዩ ነበር። ረቡዕ ዕለት የሳቁት ሰዎች ስማቸውና የተቀመጡበት ወንበር ዛሬም ትዝ ይለኛል። ካድሬውን እንኳ ያን ያህል አልጠላሁትም፤ ሥራው ነበር። መሳቅ ግን የማንም ሥራ አልነበረም።

በሳምንቱ ሦስት ደብዳቤዎች ወጡ። አንደኛው የትምህርቱን ቦታ በሌላ ክፍል ለሚሠራ ወጣት ባልደረባችን ሰጠ። ሁለተኛው መድኃኒት ከጤና ጣቢያ ውጭ በማንም እጅ እንዳይሰጥ አገደ። ሦስተኛው እኔን ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ማኅደር ክፍል አዛወረኝ። ሸሁን የሚከስ ፊርማ ስላልተገኘ እሳቸውን የነካቸው አልነበረም። ያተረፍሁት ይህን ብቻ ነው።

ኮምቦልቻ ሙቀቱ ሌላ ነው። ካፖርቴን ከማኅደር ክፍሉ በር ኋላ በምስማር ሰቀልሁት፤ አቧራ ጠጣ። ሥራዬን ግን በአግባቡ ሠራሁ። በእኔ ጊዜ ከዚያ ክፍል አንድ ፋይል ጠፍቶ አያውቅም።

አምስት ወር ያህል እንደቆየሁ የዚያ ልጅ እናት በጭነት መኪና ተሳፍረው፣ ሰው እየጠየቁ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ኪኒኑ ቀረ፣ ልጄ።»

«ጤና ጣቢያው አይሰጥም እንዴ?»

«ይሰጣል። ሄጄም ተቀብያለሁ። እሱ ነው የማይውጥልኝ። ‹ሸሁ ናቸው የሰጡሽ?› ይለኛል። ወላሂ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ መዋሸት አልቻልኩም።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ደግሞ ወደ ገደሉ ጀመረው። ሰንሰለቱን መልሱልኝ ብዬ ሸሁን ለመንኳቸው። ብረቱን አልሰጥም አሉ። በገመድ አሰርኩት።»

ሲሄዱ በሩን ዘግቼ ፋይሎቹ መካከል ቆምሁ። ያን ቀን የተሰማኝን ንዴት ቃል አላገኝለትም። በደብዳቤው ፈራሚ፣ በሳቀው ሰው፣ በአለቃዬ ስሌት፣ በራሴም ጭምር ነበር። ሁለት ቃላት ብቀይር ኖሮ ልጁ እያረሰ ይሆን ነበር፤ እኔም እየተማርሁ። ይህን ከማንም በላይ አውቀው ነበር።

ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ወጣቱ ባልደረባችን ተመለሰ። የቆዳ ቦርሳ ይዞ ማኅደር ክፍሌ ድረስ መጣ። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«እህት ዓለም፣ መምህራችን ምን ይሉ እንደነበር ብትሰሚ» አለኝ፣ ገና ሳይቀመጥ። «በገጠር ለአእምሮ ሕሙማን የሚሰጥ አገልግሎት መጀመሪያ ሕዝቡ የሚያምናቸውን ሰዎች መያዝ አለበት፤ የሃይማኖት አባቶችን፣ ሽማግሌዎችን። መድኃኒቱም በእነሱ በኩል ቢሄድ ይመረጣል። አንድ ሴሚስተር ሙሉ የተማርነው ይህንን ነው! አንቺን አስታወስሁ።»

«አስታውሰህ ምን አደረግህ?»

«ፈተና ላይ ጻፍሁት። ያንቺን የቢስቲማውን ሥራ፣ እንደ ምሳሌ።»

«ስንት አገኘህ?»

ትንሽ አፈረ። «አምስት።»

«ከስንት?»

«ከአምስት።»

ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ቢሮ ውስጥ ድምፅ ያሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ የተባረርሁበትን ነገር እሱ ባሕር ተሻግሮ ተምሮት፣ ተፈትኖበት፣ ደፍኖት መጣ። ተናገርሁት፤ ሁሉንም ተናገርሁት። ራሱን ደፍቶ ሰማኝ። ሳበቃ የመጣበትን ጉዳይ ነገረኝ። ሥራውን እንደገና ለማስጀመር ዕቅድ ጽፏል፤ የሕሙማኑ መዝገብ ግን ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው።

ዕቅዱን ተቀብዬ አነበብሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ «የማኅበረሰብ ተወካይ» ይላል።

«ሸህ ብለህ ጻፍ» አልሁት።

«ይመልሱታል። ይህ አንቺን ይጠፋሻል?»

መዝገቡ በእጄ ነበር። መሳቢያዬ ውስጥ መልሼ ልቆልፍበት እችል ነበር፤ ለአንድ አፍታም አስቤዋለሁ። ግን መዝገቡ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም አይደለም። በአንደኛው መስመር ላይ ያለው ሰው በገመድ ታስሮ ነበር። ሰጠሁት።

ዕቅዱ በአንድ ወር ውስጥ ጸደቀ። አንድም ጥያቄ ያነሣ ሰው አልነበረም።

ወዳጃው መድኃኒት መስጠት እንደገና ከጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ባልደረባዬ ስለለመነኝ ፈቃድ ወስጄ አብሬው ቢስቲማ ሄድሁ። ሐሙስ ነበር። ሸሁ አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ሰንሰለቶቹ ጥግ ላይ እንደተከመሩ ናቸው። በድምፄ አወቁኝ።

«ዛሬስ ፖሊሶቹን የት ጣልሻቸው?»

በወረቀት ላይ ምን ተብለው እንደተጻፉ ነገርኋቸው። እንዲያውቁት ፈልጌ ነበር። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

«ተወካይ? እኔ? ማን መረጠኝ?» አሉና ወደ ቤቱ ዞሩ። «እናንተ ሰዎች፣ ወላሂ አንድ እጅ ሲወጣ አላየሁም!»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ባልደረባዬ እስኪያነባ ሳቀ። ያ ልጅ ከእናቱ ጎን እግሮቹን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የገመዱ ሰንበር ገና አልጠፋም። እሱም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እስከ ዛሬም አልሳቅሁበትም።